የታወቀ መስቀል፣ የተሰወረ ሥዕል

በዋግ ኽምራና በአጎራባቹ ላስታ ደጋ የሚገኙ አብያተ ክርስቲያናት፣ ከሰቆጣ ከተማ ብዙም የማይርቀው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ጨምሮ፣ ንዋየ ቅድሳታቸውን፣ ማለትም ለአምልኮ የተለዩ መስቀሎችን፣ የብራና መጻሕፍትንና ሥዕሎችን፣ ያቆዩት በዕቃ ቤት ቆልፈው በበዓል ቀን ብቻ በማውጣት ነው። የብራና ጸሐፊዎችም መጽሐፉን የሚሰርቅ ወይም ጽሑፉን የሚፍቅ ሁሉ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ብለው ይጽፉ ስለነበር፣ ከቁልፉ ይልቅ ዋናው ጠባቂ ግዝቱ ነበር ማለት ይቻላል፤ ግዝት ግን የሚያስፈራው የሚያምንበትን ብቻ ነው።

ለዚህ ትልቁ ምስክር መቅደላ ነው። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ አምባው ሲገሰግስ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር ደም የተቃባው የዋግና የላስታ ገዥ ዋግሹም ጎበዜ፣ በኋላ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ መንገድ አልዘጋበትም። ከድሉ በኋላ የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ እዚያም ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ። ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ለሙዚየሙ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ሲሰበስብ፣ የጎንደር ነገሥታት ወደ ጦርነት ይዘውት ይዘምቱ የነበረውን ኵርዓተ ርእሱን፣ ማለትም ክርስቶስን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ለራሱ አስቀረ። ይህ ሰው በኋላ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ ሆነ፤ የሥዕሉ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1905 እስኪታተም ድረስም ስለ ጉዳዩ አልተሰማም ነበር። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ውስጥ በሐራጅ ተሸጦ ከዓይን ተሰወረ፤ ፖርቱጋል ውስጥ በግለሰብ እጅ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው።

ሁሉም ነገር በጠመንጃ አልተወሰደም። የፈረንሳዩ ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል የመራው ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1932 ከጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጥንታዊ ሥዕሎችን አላቅቆ በምትካቸው አዲስ ቅጂ አኖረ፤ የጥንቶቹ ሥዕሎች ዛሬም ፓሪስ ውስጥ ናቸው። አንዳንዶች ይህን ልውውጥ ይሉታል፤ ይሁን እንጂ አንዱ ወገን የሚወስደውን ዋጋ በሚገባ እያወቀ ሌላው ሳያውቅ የተደረገን ውል ልውውጥ ማለት ቃሉን ማቅለል ይሆናል።

ለዋግ ሰው ቅርብ የሆነው ግን የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል ነው፤ ዋግሹሞች የዘር ሐረጋቸውን የሚቆጥሩት ንጉሡ ላሊበላ ከወጣበት ከዛጔ ሥርወ መንግሥት ነውና። ሕመምተኞች የሚዳሰሱበት ይህ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ቤልጅየም ውስጥ በአንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኘ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ ደብሩ ተመለሰ። ለአደጋ ያጋለጠው ዝናው ራሱ መላሹም ሆነ፤ ተሳላሚውም ጎብኚውም መልኩን ስለሚያውቀው የእኔ ነው ብሎ በይፋ ሊሸጠው የሚደፍር አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ1911 ከሉቭር ሙዚየም የተሰረቀችው ሞና ሊዛም የተገኘችው ከሁለት ዓመት በኋላ ሌባው ፍሎረንስ ላይ ለአንድ ነጋዴ ሊሸጣት ሲሞክር ነበር።

የማይታወቅ ቅርስ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣም ይከለክላል፤ የጠፋው ዕቃ ውጭ አገር ቢገኝ ግን ጠያቂው አገር የራሱ መሆኑን ማስረዳት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ፣ ገጾችን በፊልም የማንሳት ዘዴ፣ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ቀርጿል። መስቀልና ሥዕል በዚያ ሥራ ውስጥ አልተካተቱም፤ መዝገብና ፎቶግራፍ በሌለው ደብር አንድ የመጾር መስቀል ቢጠፋ፣ መልኩንና የጎደለውን ጫፍ ለይቶ የሚናገረው ይዞት ሲባርክ የኖረው ካህን ብቻ ነው።