የመኪናን ካምቢዮ በግቢ ውስጥ ያለ አደጋ ስለ ማውረድ



በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው፣ የጋራዥ ዋጋ የከበደው ባለመኪና በዕረፍቱ ቀን በገዛ ግቢው ሊሠራው ስለሚያስበው አንድ ሥራ ነው፤ ይኸውም ካምቢዮን ማውረድ ነው። የፍሪሲዮን ሸራ ያለቀበት መኪና ካምቢዮው ሳይወርድ ሸራውን ለመለወጥ አይቻልም። ሥራው ትዕግሥት ላለው ሰው የሚቻል ነው፤ ነገር ግን ከመኪና ሥር የሚጋደም ሰው ነፍሱን ለድጋፉ አደራ መስጠቱን ሊዘነጋ አይገባውም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አለመሆኑ ነው። ዘይቱ አፍስሶ ቀስ በቀስ ዝቅ ሊል፣ ወይም ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ መኪናው በጠንካራና በተስተካከለ ወለል ላይ ከተነሣ በኋላ በብረት መቆሚያዎች ላይ ይረፍ። ብሎኬት ግን በዚህ ቦታ አይግባ፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነ አስቀድሞ ምልክት ሳያሳይ ይፈረከሳል።

ብዙዎች መኪናውን ማርሽ አስገብተው በማቆም ይተማመናሉ። ይሁን እንጂ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ተሠራው፣ በተለምዶ ዲኤክስ እንደሚባለው ቶዮታ ኮሮላ ባለ መኪና ላይ፣ ማርሹ የኋላ ጎማዎችን የሚይዘው በትራስሚሲዮኑ አማካይነት ነው። ትራስሚሲዮኑ በተፈታ ጊዜ ይህ መያዣ ይቀራል። የኋላ ጎማዎች ከመሬት ከተነሡ ደግሞ የእጅ ፍሬንም አይጠቅምም። እንግዲህ መኪናው ከመነሣቱ በፊት በመሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ ይታገዱ።

ከዚህ በኋላ ሥራው በተራ ይከናወን። የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ይነቀል፤ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ዘወትር ኃይል አለበትና። የካምቢዮው ዘይት ይቀዳ። ትራስሚሲዮኑ ከመፈታቱ በፊት መጋጠሚያው ላይ ምልክት ይደረግ። ቀጥሎ የማርሽ ዘንጉ፣ የፍጥነት መለኪያው ገመድ፣ የፍሪሲዮኑ መሳቢያና ሞተሪኖው ይፈቱ።

ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙት ቡሎኖች ከመላቀቃቸው አስቀድሞ፣ አንድ ክሪክ ከካምቢዮው ሥር፣ ሌላ ድጋፍም ጣውላ ገብቶበት ከሞተሩ ሥር ይቀመጥ፤ የካምቢዮው ተሸካሚ ብረት ሲወርድ ሞተሩ ወደ ኋላ ያዘነብላልና። ካምቢዮው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳብ። በመካከል ቢለቀቅ ክብደቱ በዘንጉ ላይ ተንጠልጥሎ የፍሪሲዮኑን ዲስክ ያጣምማል፤ ቢወድቅም የተጋደመውን ሰው ደረት ያገኛል።

በውስጡ የሚገኘው ዱቄት በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ በአየር አይነፋ፤ በቀድሞ ጊዜ የተሠሩ ሸራዎች ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላልና።

በመጨረሻም ማንም ሰው ይህን ሥራ ብቻውን አይጀምር። ረዳት ከአጠገቡ ይቁም፤ ልጆች ይራቁ። ከሥር ከመግባቱ በፊት መኪናውን በእጁ ገፋ አድርጎ ይሞክረው፤ ቢነቃነቅ ድጋፉን እንደገና ያስተካክል። ለጋራዥ የሚከፈል ገንዘብ በሚመጣው ወር ደመወዝ ይተካል፤ የቤተሰብ አባት ግን አይተካም።