«አስነሳው፣ ራሱ ያወጣዋል»፦ ራዲያተር ውስጥ ስለሚገባ የተሳሳተ ፈሳሽ ተረትና እውነታ

ቅዳሜ ማለዳ ታናሽ ወንድሜ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ኩላንት መስሎኝ የካምቢዮ ዘይት ጨመርኩበት።»

«የት ላይ?»

«ነጯ ጋን ውስጥ።»

«አስነስተኸዋል?»

«ኧረ አላስነሳሁትም። ግን የግቢው ጥበቃ አስነሳው፣ ሲሞቅ ራሱ ያወጣዋል እያሉኝ ነው።»

ቁልፉን ኪሱ ከትቶ እንዲጠብቀኝ ነግሬው ሄድኩ። የኮሮላውን የኋላ ኮፈን ሲከፍትልኝ ነገሩ ገባኝ። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙሶች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ምንም ያልተጻፈባቸው። በማለዳ ጭላንጭል እኔም ብሆን አልለያቸውም ነበር። መለያው ግን ቀላል ነው። ብርጭቆ ውሃ ላይ ጠብ ሲደረግ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ኩላንቱ ከውሃው ጋር ይዋሃዳል።

ጥበቃው ለወንድሜ የነገሩትን ብዙ ሰው ያምንበታል። ይህን የምጽፈውም ምክሩ ከስህተቱ የበለጠ ጉዳት ስለሚያደርስ ነው። ሞተር የገባበትን ፈሳሽ አያወጣም። የኩላንቱ መንገድ ዝግ ስለሆነ ፓምፑ ያገኘውን ሁሉ በሞተሩ፣ በራዲያተሩና በማሞቂያው ውስጥ ደጋግሞ ያዞረዋል።

በአብዛኞቹ የጃፓን መኪኖች ያቺ ነጭ ጋን ከራዲያተሩ አንገት ጋር የምትገናኘው በአንዲት ቀጭን ቱቦ ብቻ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ኩላንቱ ይለጠጥና ትርፉ ክዳኑን አልፎ ወደ ጋኗ ይፈሳል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ራዲያተሩ መልሶ ይስበዋል። ስለዚህ ሞተሩ እስካልተነሳ ድረስ ዘይቱ ጋኗ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። እኛም ጋኗን ከነቱቦዋ ፈትተን በሞቀ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና አጠብናት፤ በደንብ አለቅልቀን፣ አድርቀን መለስናት። በሁለቱ መስመሮች መካከል እስኪደርስ አዲስ ኩላንት ሞላንና ጨረስን። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም።

እንደ ቮልስዋገን ባሉ ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ግን ጋኑ ራሱ የዝውውሩ አካል ነው። እዚያ ቁልፍ ማዞር ማለት ዘይቱን ወዲያው ወደ ሞተር መላክ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ክዳኑን ከፍቶ፣ ከላይ የተንሳፈፈውን በትልቅ ሲሪንጅና በቀጭን ቱቦ መምጠጥ ይገባል። ከሥር መክፈት ይከተላል እንጂ አይቀድምም፤ ምክንያቱም ፈሳሹ ሲወርድ ዘይቱም አብሮ እየወረደ ግድግዳውን ሁሉ ይቀባዋል።

ተነስቶ ከሆነስ? ጉዳቱ ከጎማው ይጀምራል። የራዲያተር ቱቦ የሚሠራበት ጎማ ውሃንና ኩላንትን ይችላል፤ የነዳጅና የዘይት ዘር ሲነካው ግን ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ውሎ አድሮም ያፈሳል። እዚህ ላይ «ኦሞ በጥብጠህ ጨምርበት» የሚል ሌላ ምክር ይመጣል። ሳሙና ዘይት እንደሚያለቅቅ እውነት ነው፤ ችግሩ አረፋው ነው። አረፋ ማለት አየር ነው፤ አየር ባለበት ቦታ ብረቱን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ አይደርስም። ለራዲያተር ማጠቢያ ተብሎ የተዘጋጀውን መጠቀም ይሻላል። ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት (ብዙውን ጊዜ 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው) ማስነሳት፣ አጥፍቶ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማፍሰስ፤ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ መድገም ነው። ትኩስ ራዲያተር ፊት ቆሞ ክዳን መክፈት ግን ፊትን ለሚፈላ ውሃ መስጠት ነውና እጅ እስኪያስነካ መታገስ ግድ ነው።

ሁሉም ስህተት እንደ ዘይት አይከብድም። ተራ ውሃ ከሆነ ኩላንቱን አቀጠነው እንጂ አላበላሸውም። የተለመደው የፍሬን ዘይት ስሙ ዘይት ይሁን እንጂ ከውሃ ጋር ይዋሃዳል፤ ደጋግሞ በውሃ ማለቅለቅ ያስወጣዋል። የመስታወት ማጠቢያው አረፋ አለው፣ አልኮሉም ቶሎ ይፈላል። ናፍጣና ቤንዚን እንደ ዘይት ጎማ ይጎዳሉ፤ ቤንዚን ደግሞ እሳትም ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ መኪና ሳይነሳ ተጎትቶ ጋራዥ ይግባ። «የባትሪ ውሃ» ብለው ሲሸጡላችሁም አሲድ አለመሆኑን አረጋግጡ። የተጣራው ውሃ ለራዲያተር ተስማሚ ሲሆን አሲዱ አልሙኒየም ይበላል።

«ቀለሙ ከተመሳሰለ ይቀላቀላል» የሚለውም ብዙ ሰው አሳስቷል። ቀለም ፋብሪካው የሚጨምረው ማቅለሚያ ነው፤ ዝገት የሚከላከለው ቅመም ምን እንደሆነ አይናገርም። ቮልስዋገን አሮጌውን ሰማያዊ አረንጓዴ ኩላንት በቀይ ሲተካ ሁለቱን የቀላቀሉ ሰዎች ቡናማ ዝቃጭ አግኝተዋል። የቶዮታ ቀዩና ሮዙም ለየቅል ናቸው፤ ሮዙ ከነውሃው ተቀላቅሎ ስለሚመጣ እንዳለ ይሞላል። መታየት ያለበት ቀለሙ ሳይሆን የመኪናው መመሪያና ጣሳው ላይ የተጻፈው ነው።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን «ኩላንት በረዶ ላለበት አገር ነው፤ ለእኛ የቧንቧ ውሃ ይበቃል» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ለአዲስ አበባ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ከተማችን ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ቴርሞስታቱ ከሚከፈትበት ሙቀት የሚበልጠው በ10 ዲግሪ ብቻ ነው! የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ የተጻፈበት ክዳን ግፊቱን ከፍ አድርጎ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርጋል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግን የእንጦጦ ዳገት ብቻውን ያፈላዋል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት በዚያ ላይ ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል፤ ዝገትንም ይከላከላል። በውሃ ብቻ ሲነዳ የኖረ መኪና ራዲያተሩ ሲከፈት የሚወርደውን ቀይ ጭቃ ያየ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም።

ማንም ምንም ሳይጨምር ዘይት ከታየ ጉዳዩ ሌላ ነው። ብዙ አውቶማቲክ መኪኖች የካምቢዮ ዘይታቸውን የሚያቀዘቅዙት በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው፤ እሱ ከተበሳ፣ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ለቆ የሞተር ዘይት ካሳለፈ፣ ዘይትና ኩላንት ይገናኛሉ። የሞተር ዘይት መለኪያው ላይ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካለ መኪናው ከቆመበት አይነቃነቅ፤ ማጠብ ብቻውን አይፈታውም።

ከጋኗ የቀዳነውን ወንድሜ መልሶ ሃይላንድ ውስጥ ሊገለብጠው ሲል እጁን ያዝኩት። አብዛኛው ኩላንት ውስጥ ያለው ኢቲሊን ግላይኮል ይጣፍጣል፤ መርዝም ነው። የጠጣ ልጅ መጀመሪያ የሰከረ ይመስላል፤ ኩላሊቱ የሚጎዳው በኋላ ነው። ውሻም ይልሰዋል። የጠጣ ሰው ካለ ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ፣ ጠርሙሱም ተይዞ፣ ወዲያው ሆስፒታል መድረስ አለበት። መድኃኒት አለው፤ ግን ቶሎ ሲደረስ ነው። ወንድሜ የቀረውን አዲስ ኩላንት በፋብሪካው ጣሳ መልሶ ከቆጣሪው በላይ ካለው መደርደሪያ አስቀመጠው። ሁለቱን ሃይላንዶች በቢላ ቀደዳቸው።