ሥልጣን የሌለው ወንበር፦ የማልዲቭስ ቀዳማዊት እመቤቶችና የአማና ጥያቄ



ማልዲቭስ ሲባል የብዙዎቻችን አእምሮ ላይ የሚመጣው ሰማያዊ ባሕርና የቱሪስት ፎቶ ነው። ይህች አገር ግን ከ1,100 በላይ በሆኑ ትናንሽ ደሴቶች ላይ የተበተነች፣ ሕዝቧ ከአምስት መቶ ሺህ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ፣ ኢስላምን እ.ኤ.አ. በ1153 የተቀበለች የሙስሊም አገር ናት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሕገ መንግሥቷ መሠረት ሙስሊም ያልሆነ ሰው ዜግነት ማግኘት አይችልም፤ ፕሬዚዳንቱም የሱንኒ ሙስሊም መሆን አለበት።

ታዲያ እንዲህ ባለች አገር የፕሬዚዳንት ባለቤት መሆን ምን ማለት ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ከሥሩ ግን ሁላችንንም የሚመለከት ነገር አለ፦ በሹመት ሳይሆን በዝምድና የሚገኝ ክብርና ተሰሚነት የማን ነው?

ሕጉ ምን ይላል?

የማልዲቭስ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ማን ሊሆን እንደሚችልና ምን ሥልጣን እንዳለው በዝርዝር ይደነግጋል። ለትዳር አጋሩ ግን የሰጠው የመንግሥት ሥልጣን የለም። «ቀዳማዊት እመቤት» የሚለው መጠሪያ የልማድና የፕሮቶኮል ነገር ነው። የምትመረጠው በሕዝብ ድምፅ አይደለም፤ ፓርላማ ፊት ቀርባም ለሥራዋ አትጠየቅም።

አንድ ለውጥ ግን ልብ ልንለው ይገባል። ከ2008 በፊት የነበረው ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ወንድ መሆን አለበት ይል ነበር። በ2008 የጸደቀው ይህን ቅድመ ሁኔታ አንሥቶታል። ሪፐብሊኩ በ1968 ከተመሠረተ ወዲህ የተሾሙት ፕሬዚዳንቶች ሁሉ ወንዶች ናቸው፤ በሕጉ ግን ነገ የፕሬዚዳንት ባለቤት ወንድ ሊሆን ይችላል።

ይህ ለማልዲቭስ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ታላቁ ተጓዥ ኢብኑ በጡጣ በ1340ዎቹ ደሴቶቹን ሲረግጥ አገሪቱን የምትገዛው ሱልጣና ኸዲጃ ነበረች። በጁሙዓ ኹጥባ ዱዓ የሚደረገው በእሷ ስም ነው፤ ትእዛዝም የሚወጣው በስሟ ነው። ጉዳዩን በእጁ ይዞ የሚያስፈጽመው ግን ወዚር የነበረው ባለቤቷ ጀማሉዲን እንደነበር ኢብኑ በጡጣ ጽፏል። እሱ ራሱ በዚያ ቃዲ ሆኖ አገልግሏል፤ ከገዢው ቤተሰብም ጋር በጋብቻ ተሳስሯል። የአገሪቱ ዜና መዋዕሎች እንደሚሉት ደግሞ በኋለኞቹ ዓመታት ዙፋኗ በባል ተነጥቆባት እንደገና አስመልሳለች። ከዙፋኑ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሥልጣንን እንዴት ሊመኝ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ ማግኘት ይከብዳል።

በዘመናችን ምን ይሠራሉ?

ከ1978 እስከ 2008 ለሠላሳ ዓመታት የገዙት ማእሙን አብዱል ጋዩም የአል-አዝሃር ምሩቅ ነበሩ። ባለቤታቸው ነስሪና ኢብራሂም ይህን ቦታ የያዙት ለእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ነው። በ2008 በመጀመሪያው የመድብለ ፓርቲ ምርጫ ሙሐመድ ነሺድ ሲያሸንፉ ለይላ ዓሊ ተተኩ። ከዚያ ኢልሃም ሑሰይን፣ ፋጢመት ኢብራሂምና ፋዝና አሕመድ ተከታተሉ። ከኅዳር 2023 ጀምሮ ደግሞ የፕሬዚዳንት ሙሐመድ ሙዒዙ ባለቤት ሳጂዳ ሙሐመድ ናቸው።

ስማቸውን ልብ ብላችሁ ከሆነ አንዳቸውም በባላቸው ስም አይጠሩም። ሁሉም በራሳቸውና በአባታቸው ስም ነው የሚታወቁት፤ እንደ እኛው አገር ማለት ነው። በአንዳንድ የምዕራብ አገሮች ግን ሚስት የባሏን የቤተሰብ ስም መውሰዷ የተለመደ ነው።

ሥራቸው በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው እንግዳ መቀበልና በጉብኝት አብሮ መጓዝ ነው። ሳጂዳ በጥር 2024 ወደ ቻይና፣ በጥቅምት 2024 ደግሞ ወደ ሕንድ ከባለቤታቸው ጋር ተጉዘዋል። ሁለቱ ኃያላን የሚሻኮቱባት ትንሽ አገር እያንዳንዱ ጉብኝትና እያንዳንዱ ፎቶ ይመዘንባታል። ሁለተኛው በጤናና በማኅበራዊ ጉዳዮች ላይ ሕዝብን ማንቃት ነው። ሦስተኛው በጎ አድራጎት ማኅበራትን በክብር ጠባቂነት መደገፍ ነው።

ሁለተኛውን አቅልለን እንዳናየው። ማልዲቭስ ታላሲሚያ የተባለውን የደም በሽታ ዘረ መል የሚሸከሙ ሰዎች በዓለም ላይ እጅግ ከሚበዙባቸው አገሮች አንዷ ናት። ሁለት ተሸካሚዎች ከተጋቡ ልጃቸው ዕድሜ ልኩን ደም እየተሰጠው የመኖር ዕጣ ሊገጥመው ይችላል። ከኒካሕ በፊት መመርመርን በየደሴቱ ማስለመድ በመመሪያ ብቻ አይሆንም፤ ሰው የሚሰማው ሰው ይጠይቃል። የቀዳማዊት እመቤት ድምፅ ሕይወት የሚጠቅመው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

አገሪቱ ጠባብ ስትሆን

በትንሽ አገር ፖለቲካና ዝምድና አይለያዩም። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ኢብራሂም ሶሊህ ባለቤት ፋዝና አሕመድ የሙሐመድ ነሺድ የአጎት ልጅ ናቸው። በ2023 ነሺድና ሶሊህ ተለያይተው የነሺድ ወገን አዲስ ፓርቲ ሲያቋቁም፣ የአገሪቱ የፖለቲካ ስንጥቅ በአንድ ቤተሰብ መካከል ነበር ያለፈው። እንዲህ ያለች ሴት ለማንም ሳታደላ ዝም ብትል እንኳ ዝምታዋ ይተረጎማል።

ዋጋውም ከባድ ነው። በየካቲት 2012 ነሺድ ከሥልጣን ሲወርዱ ለይላ ዓሊ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ስሪላንካ ሸሹ። መስከረም 28 ቀን 2015 ደግሞ ፕሬዚዳንት ዓብዱላ ያሚን ከሐጅ ሲመለሱ የተሳፈሩበት ፈጣን ጀልባ ላይ ፍንዳታ ደረሰ። ፕሬዚዳንቱ ምንም አልሆኑም፤ ባለቤታቸው ፋጢመት ኢብራሂም ግን ተጎድተው ሆስፒታል ገቡ። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ መርምሮ ቦምብ ነው የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘሁም ቢልም ምክትል ፕሬዚዳንቱ በዚሁ ጉዳይ ታሰሩ። ሥልጣን ያልያዘች ሴት የሥልጣንን አደጋ ተካፈለች።

የዑመር ሚዛን

አደጋው የሚጋራ ከሆነ ጥቅሙስ? እዚህ ላይ ዲናችን ግልጽ ሚዛን ይሰጠናል።

ከሹም ጎን ያለች ሴት ምክር ትልቅ ዋጋ እንዳለው ከሲራ እናውቃለን። በሑደይቢያ ሶሓባዎች በሐዘን ተውጠው ከኢሕራም ለመውጣት በዘገዩ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የእናታችንን የኡሙ ሰለማን (ረ.ዐ) ምክር ተቀብለው ማንንም ሳያናግሩ መሥዋዕታቸውን አረዱ፤ ፀጉራቸውንም ተላጩ። ሰዉም ተከተላቸው። ምክሯ ሥልጣን አልነበረም፤ ግን ችግሩን ፈታ።

ክብርና ጥቅም ሲመጣስ? ጠበሪ እንደዘገቡት፣ የኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ባለቤት ኡሙ ኩልሡም ለሩም ንግሥት ሽቶ ላከች። ንግሥቲቱም በአጸፋው ውድ የአንገት ጌጥ ሰደደችላት። ዑመር ሰዉን ሰብስበው አማከሩ። አንዳንዶች ስጦታው የእሷ ነው አሉ። ዑመር ግን መልእክተኛው የሙስሊሞች መልእክተኛ፣ ፖስታውም የሙስሊሞች ፖስታ መሆኑን አስታውሰው ጌጡን ወደ በይተል ማል አስገቡ፤ ለባለቤታቸውም ለሽቶው ያወጣችውን ያህል ከፈሉ።

ዑመር ባለቤታቸውን አልወቀሱም፤ ከሌላ አገር ንግሥት ጋር መጻጻፏንም አልከለከሉም። የለዩት አንድ ነገር ነው፦ ከኪሷ የወጣው የእሷ ነው፤ በሕዝብ መንገድ የመጣው የሕዝብ ነው። የዘካ ሰብሳቢው ሐዲስም ይህንኑ ያስተምራል። ሰውዬው ይህ ለእኔ የተሰጠኝ ነው ባለ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእናት አባቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ጠይቀዋል።

እንግዲህ የማልዲቭስ ቀዳማዊት እመቤት ስለ ታላሲሚያ ስትናገር ሰው የሚሰማት የማልዲቭስ ሕዝብ ባከበራት ልክ ነው። ስለዚህ ያ ተሰሚነት አማና ነው። ለታማሚዎች ካዋለችው አማናዋን ተወጣች። ለዘመድ ሥራ ማስገኛ ወይም ለባለሀብት በር መክፈቻ ካዋለችው ግን ሕገ መንግሥቱ ባይጠይቃት እንኳ አላህ (ሱ.ወ) ይጠይቃታል።

ይህ ሚዛን ለቤተ መንግሥት ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ነገ ሐኪም፣ ዳኛ፣ የቢሮ ኃላፊ የሚሆኑ አሉ፤ የእነሱ ባል ወይም ሚስት የሚሆኑም አሉ። ዛሬም ቢሆን የጀማዓው አሚር የቅርብ ጓደኛ ስለሆንን ብቻ ሰልፍ የምንዘልል፣ የጋራውን ዕቃ ቀድመን የምንወስድ ከሆነ፣ የአንገት ጌጡን አንገታችን ላይ አድርገናል ማለት ነው። አንድ ነገር በእጃችን ሲገባ ዑመር የጠየቁትን እንጠይቅ፦ ያመጣው ፖስታ የማን ነበር?

አላህ (ሱ.ወ) አማናን ከሚጠብቁት ባሮቹ ያድርገን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።