ስለ ሰዓት ቀጠና መለዋወጥና ስለ መሥሪያ ቤት የኤሌክትሮኒክ ቀን መቁጠሪያ

በአገራችን የግድግዳ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው። በአንድ ወቅት ወደ ፊት፥ በሌላ ወቅት ወደ ኋላ የሚገፋው ሕግ የለም፤ ከግሪንዊች ሁልጊዜ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ይህ እንዲህ ሆኖ ሳለ፥ በደብረ ብርሃን ከውጭ አገር ሰዎች ጋራ የሚሠራ መሥሪያ ቤት፥ ዩኒቨርሲቲውም ሆነ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፥ በኮምፒዩተሩ ቀን መቁጠሪያ ላይ የተጻፈው ሳምንታዊ ስብሰባ በዓመት ሁለት ጊዜ በአንድ ሰዓት ወዲያ ወይም ወዲህ ተዛውሮ ሊያገኘው ይችላል። ማንም አልነካውም፤ መሣሪያውም አልተበላሸም። ሰዓቱ የማይንቀሳቀስ ሰው ቀጠሮው ስለ ምን ይንቀሳቀሳል? በዚህ ጽሑፍ ልንገልጠው ያሰብነው ይኸንኑ ነው።

እንደሚታወቀው ምድር በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ በራስዋ ዙሪያ ትዞራለች። ስለዚህ በ1 ሰዓት 15 ዲግሪ፥ በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ትዞራለች ማለት ነው። እያንዳንዱ አገር ሰዓቱን በፀሐይ ብቻ ቢቆጥር ኖሮ፥ አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ ስለ ሆነች ቀትር ቀድሞ ይደርስላት ነበር፤ ልዩነቱ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሕጋዊው ሰዓታችን የተወሰደው ከ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። ይህ መስመር በኦጋዴን ከወርዴር ጥቂት ወደ ምዕራብ ብሎ ያልፋል። በዚህ ምክንያት በደብረ ብርሃን ፀሐይ መካከለ ሰማይ የምትደርሰው በአማካይ ሰዓታችን 6 ካለ ከ22 ደቂቃ ያህል በኋላ ነው። ሕዝባችን ግን በዚህ ሲቸገር አልታየም። አንኮበር የሸዋ መናገሻ በነበረችበት ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፥ መንገዱ ሳምንታት የፈጀ ስለ ነበር፥ በለንደንና በአንኮበር መካከል ያለውን የሰዓት ልዩነት መጠየቅ ለማንም አልጠቀመም። ጥያቄው የመጣው በሁለት አገር ያሉ ሰዎች በአንዲት ደቂቃ መነጋገር ሲችሉ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ ምንጭ እንምጣ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙ አገሮች ቀኑ በሚረዝምበት ወቅት ሰዓታቸውን በ1 ሰዓት ያስቀድማሉ። አንዳንድ ሰው ይህን «የበጋ ሰዓት» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ነገር ግን የእነርሱ በጋ የሚውለው በእኛ ክረምት ስለ ሆነ፥ ቃሉ ሰውን ከማሳሳት በቀር ጥቅም የለውም። እኛ «የቀን ብርሃን ሰዓት» እንለዋለን። በደብረ ብርሃን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነውና፥ ይህ ሥርዓት ለአገራችን የሚፈይደው የለም። በአውሮፓ ለውጡ የሚደረገው በማርች ወር የመጨረሻ እሑድ ነው፤ ይኸውም በእኛ ከመጋቢት 16 እስከ 22 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። የሚመለሰውም በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ፥ ማለት በጥቅምት አጋማሽ ግድም ነው። አሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በማርች ሁለተኛ እሑድ ታስቀድማለች፤ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ትመልሳለች። እንግዲህ በመጋቢት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት፥ በጥቅምት ደግሞ አንድ ሳምንት፥ አሜሪካና አውሮፓ እርስ በርሳቸው እንኳ የተለመደው ልዩነት የላቸውም።

ምሳሌ እንስጥ። በለንደን ያለ አንድ መምህር በደብረ ብርሃን ካሉ የሥራ ጓደኞቹ ጋራ በየማክሰኞው በለንደን 14፡00 ሰዓት ለመነጋገር በካላንደሩ ጻፈ እንበል። በአውሮፓ ክረምት ይህ ለእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። የመንግሥት ሥራ የሚያበቃው በ11፡30 ስለ ሆነ፥ የስብሰባው እኩሌታ ሰርቪስ አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ይውላል። በመጋቢት ለንደን ሰዓቱን ሲያስቀድም ግን፥ ያው ስብሰባ ለእኛ 10 ሰዓት ላይ ይሆናል። በ10 ሰዓት ክፍል ገብቶ የሚያስተምር መምህር ከሁለቱ አንዱን መተው ግድ ነው። በዋሽንግተን የሚገኝ ሦስተኛ ሰው ቢኖርበት ደግሞ፥ እርሱ በክረምቱ 9፡00 ላይ የለመደውን ስብሰባ በእነዚያ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት 10፡00 ላይ ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ተመልሶ 9፡00 ይሆንለታል። ስብሰባውን የጻፈው የደብረ ብርሃኑ ሰው ቢሆን ኖሮ፥ ለእኛ ምን ጊዜም 11 ሰዓት ላይ ይጸና ነበር፤ የሚዛወረው ለለንደኑ ነው። ስለዚህ በኤሌክትሮኒክ ቀን መቁጠሪያ ዘንድ ስብሰባውን የጻፈው ሰው የሰዓቱም ባለቤት ነው። ብዙ ጊዜ ስብሰባውን የሚጽፈው ገንዘቡን የሚሰጠው ወገን ስለ ሆነ፥ መዛወሩ በእኛ ላይ ይወድቃል።

መሣሪያው ይህን የሚያደርገው በስሕተት አይደለም። የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት «አይካላንደር» የተባለ የጋራ ደንብ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ በ2009 ታድሷል። በዚህ ደንብ አንድ ሰዓት በሦስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። አንደኛው ለዓለም ሁሉ አንድ በሆነው የጊዜ ልክ የሚጻፈው ነው፤ ይህ እንደ ፀሐይ ግርዶሽ የማይናወጥ ነው። ሁለተኛው የአንድን ቦታ ሰዓት ከቦታው ስም ጋራ ይጽፋል፤ «14፡00፥ ለንደን» እንደ ማለት ነው። ሦስተኛው ሰዓቱን ያለ ቦታ ይጽፋል፤ ስልኩ በደረሰበት አገር ሁሉ ያንኑ ሰዓት ያሳያል፤ ለመድኃኒት መዋጫና ለጧት መነሻ ይሆናል እንጂ ለስብሰባ አይሆንም። በየሳምንቱ የሚደጋገም ስብሰባ የሚጻፈው በሁለተኛው መንገድ ነው። ምክንያቱም በአንደኛው ቢጻፍ የለንደኑ ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ከገዛ ሥራ ሰዓቱ ጋራ ይጣላ ነበር። አንዱ ወገን መጣላቱ የማይቀር ነው፤ ደንቡ የመረጠው የጻፈው ሰው እንዳይጣላ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ግን አንድ ድካም አለበት። የቦታው ስም ወደ ትክክለኛ ሰዓት እንዲመነዘር መሣሪያው የዚያን አገር ሕግ ማወቅ አለበት፤ ሕግም ይለወጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 የቀን ብርሃን ሰዓትን ስታስረዝም፥ ማይክሮሶፍት አስቀድመው በአውትሉክ የተጻፉ ቀጠሮዎችን የሚያርም ልዩ ፕሮግራም ማውጣት አስፈልጎት ነበር። ግብጽ ለጥቂት ዓመታት ትታው የነበረውን ሥርዓት በ2023 በሚያዝያ ወር መልሳ አመጣችው። በዚያው ዓመት በሊባኖስ መንግሥት ለውጡ ሊደረግ ጥቂት ቀን ሲቀረው አዘገየሁት ቢል፥ ቤተ ክርስቲያኑና አንዳንዱ ተቋም አንቀበልም ብለው፥ ውሳኔው እስኪሻር ድረስ በአንድ ከተማ ሁለት ሰዓት ሲቆጠር ሰነበተ። ከእኛ ጎረቤቶችም ሱዳን በጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም.፥ ደቡብ ሱዳን በጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ከእኛ ጋራ አንድ የነበረውን ሰዓታቸውን በ1 ሰዓት ወደ ኋላ መልሰዋል። መተማ ላይ ድንበሩን የሚሻገር ነጋዴ ሰዓቱን ማስተካከል ያለበት ከዚያ ወዲህ ነው። ለብዙ ጊዜ ያልታደሰ ኮምፒዩተር ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ከካርቱም የመጣውን ቀጠሮ ያለ አንዳች ጥርጣሬ በአንድ ሰዓት አሳስቶ ያሳያል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለናይሮቢም ሰው ይሠራል። ለእኛ ግን ተጨማሪ ነገር አለ፤ ሰዓቱን የምንቆጥረው ከንጋት ነው። መጥሪያው «2፡00 ፒ.ኤም.» ሲል እኛ 8 ሰዓት እንላለን። አንድ ተማሪ ለነጻ ትምህርት ቃለ መጠይቅ «በ2 ሰዓት» ተቀጥረሃል ብሎ በቃል የሰማ እንደ ሆነ፥ ጧት ነው ወይስ ከቀትር በኋላ የሚለውን ካልጠየቀ፥ ቀጠሮው በስድስት ሰዓት ይርቀዋል። ይህን ለማስቀረት ብሎ የስልኩን ሰዓት በእጁ በስድስት ሰዓት የሚገፋ ሰው ደግሞ የባሰ ነገር ያደርጋል። ስልኩ ስለ ዓለም ጊዜ ያለው ዕውቀት ስለሚዛባ፥ ከውጭ የመጣው ቀጠሮ ሁሉ አላግባብ ይደወልለታል፤ አንዳንድ የኢንተርኔት ገጽም ሰዓትህ ልክ አይደለም ብሎ አልከፍትም ይለዋል።

ከዚህ ይልቅ የሰዓት ቀጠናውን የሚለውጥ ሰው ብልህ ይመስላል። የእኛ 3 ሰዓት ጧት በቶኪዮ 15፡00፥ በሳኦ ፓውሎ 3፡00 ስለ ሆነ፥ በሁለቱም ከተሞች የሰዓቱ ፊት ከእኛ አቆጣጠር ጋራ አንድ ነው። እዚህ ላይ ያስተዋልነውን እንጨምር። ስልኩን በቶኪዮ ያደረገ ሰው ቀኑ የሚለወጥበት በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ይህም ዕለትን ከዋዜማው ከሚጀምረው ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋራ ይገጥማል። በሳኦ ፓውሎ ያደረገው ደግሞ ቀኑ የሚለወጥበት ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ «ኤ.ኤም.» የሚለው የእኛን ቀን፥ «ፒ.ኤም.» የሚለው የእኛን ሌሊት ይሆንለታል። ከዚህ የተሻለ የኢትዮጵያ ሰዓት በስልክ ላይ ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም አንመክረውም። ከዚያ ስልክ የሚላከው የስብሰባ መጥሪያ ሁሉ የብራዚልን ስም ተሸክሞ ይሄዳል፤ ቀኑን ሙሉ ተብሎ የተጻፈው በዓልም ከንጋት እስከ ንጋት ይሆናል። ከዚህም በላይ ብራዚል እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ የቀን ብርሃን ሰዓት ነበራት፤ በዚያን ጊዜ ይህን ያደረገ ሰው የኢትዮጵያ ሰዓቱ በዓመት ሁለት ጊዜ በብራዚል ሕግ ይዘልበት ነበር ማለት ነው። ስልኩ በደብረ ብርሃን እስካለ ድረስ የአዲስ አበባን ቀጠና ይያዝ፤ የስድስቱን ሰዓት ልዩነት አእምሯችን ይሥራው።

የሌሊት ሰዓት ለብቻው ይታይ። ለኮምፒዩተር ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው። እኛ ግን «ረቡዕ ሌሊት በ8 ሰዓት» ስንል የረቡዕን ቀን የተከተለውን ሌሊት ማለታችን ይሁን ወይስ ረቡዕ የሚነጋበትን፥ ሰሚው እንደ ልማዱ ይወስደዋል። አማርኛ ለዚህ መድኃኒት አለው፤ «ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ያልን እንደ ሆነ ማንም አይሳሳትም። ከቦሌ በሌሊት የሚነሣ አውሮፕላን የያዘ ሰው ይህን ቃል ቢጠቀምበት ይበጀዋል። ለተማሪዎች የቀረበው ጉዳይ ግን የማመልከቻ መዝጊያ ነው። በዋሽንግተን ሰዓት «ሐሙስ 23፡59» የተባለ መዝጊያ፥ በአሜሪካ ክረምት ለእኛ ዓርብ ጧት 1፡59 ነው፤ በቀን ብርሃን ሰዓት ግን ዓርብ ንጋት 12፡59 ይሆናል። ያለፈውን ዓመት ልምድ አምኖ መብራት እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው በዚህች አንድ ሰዓት ዓመቱን ሊያጣ ይችላል።

የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሲጻፍ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ከቦታው ስም ጋራ ማስፈር፥ «ከቀኑ 11 ሰዓት፥ በኢትዮጵያ (17፡00)» እንደ ማለት፥ ድካሙ ትንሽ ነው። ጎግል ካላንደርም ሆነ አውትሉክ ሁለተኛ የሰዓት ቀጠና ጎን ለጎን ማሳየት ይችላሉ። ከውጭ አገር ጋራ የሚደጋገም ስብሰባ ሲጀመር፥ በማን አገር ሰዓት እንደሚጸና አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ ይህን ስንጠይቅ ያፈርንበት ጊዜ ይበዛል።

በመጨረሻም ስለ መዝገቡ ጥቂት ቃል። ብዙ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች የየአገሩን የሰዓት ሕግ የሚያነቡት ከአንድ የጋራ መዝገብ ነው፤ እርሱንም አሜሪካዊው አርተር ዴቪድ ኦልሰን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮት ዛሬ ፖል ኤገርት ያስተባብረዋል። በዚህ መዝገብ «አዲስ አበባ» የሚለው ስም አሁን ወደ ናይሮቢ የሚያመለክት ብቻ ነው፤ ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰዓታቸው አንድ የሆነ ቦታዎች ይጠቃለላሉና። የቀድሞው የአዲስ አበባ መሥመር ግን ኢትዮጵያ ከግሪንዊች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ትቀድም እንደ ነበርና፥ ወደ 3 ሰዓት የተሻገረችው በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. እንደ ሆነ ይናገራል። ያ ዕለት የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ነው። ከዚያም በፊት ከ1870 እስከ 1890 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ስድስት የሰዓት ቀጠናዎች ነበሩዋት ይላል፤ ምንጩም ሻንክስ የተባለ ሰው ያሰናዳው አትላስ ነው። የመዝገቡ አዘጋጆች ራሳቸው ይህ ስሕተት ሳይሆን አይቀርም ብለው ከጎኑ ጽፈዋል። እኛም ከእነርሱ ጋራ ነን። አፄ ዮሐንስ ገና ሳይነግሡ፥ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ዘመን፥ ባቡርም ቴሌግራፍም በሌለበት አገር ስድስት ሕጋዊ የሰዓት ቀጠና ማን ደነገገ? የታሪክ ክፍል ጓደኞቻችን የብርሃንና ሰላም ጋዜጣን የቆዩ እትሞችና የፈረንሳይ ኢትዮጵያ ምድር ባቡርን የጉዞ ሰዓት ሰሌዳዎች ቢመረምሩ ይህን ማጣራት ይቻላል፤ አዘጋጆቹ ማስረጃ የተያያዘበትን እርማት ከማንም ይቀበላሉ።