ተከታዩ ጨዋታ ከፊተኛው ይበልጣልን?
ስለ «ዴድ ስፔስ» አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የቀረበ ሐተታ

አንድ ሥራ ተወዶ ሳለ ሁለተኛ ክፍል ሲወጣለት፣ «ከፊተኛው ይሻላል ወይስ ያንሳል?» የሚለው ጥያቄ ከሰው አፍ አይጠፋም። ስለ ልብ ወለድ መጽሐፍና ስለ ፊልም ይህን የመሰለ ክርክር ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ሲሆን ግን ክርክሩ ከተማሪ መኝታ ቤት አልፎ ወደ ጽሑፍ ሲደርስ እምብዛም አላየንም። ነገሩ እንደ ልጆች ዕቃ ዕቃ ስለሚቆጠር ይመስለናል።

እኛ ግን ጥያቄው ለምርመራ የሚበቃ ነው ብለን እናምናለን። በተለይም ጨዋታው ለማስፈራት የተሠራ ሲሆን ጥያቄው እጥፍ ይሆናል። አንድን መሣሪያ ማሻሻል ማለት ለሚሠራበት ሰው እንዲመቸው ማድረግ ነው። ለማስፈራት የተሠራ ነገር ግን ለተጫዋቹ በተመቸው መጠን ማስፈራቱ ሊቀንስ ይችላል። እንግዲህ «ተሻሻለ» ስንል የቱን ማለታችን ነው? አሠራሩን ነው ወይስ ፍርሀቱን? ይህን ለመመርመር የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ሦስታችንም «ዴድ ስፔስ» የተባለውን ጨዋታ ሁለቱንም ክፍሎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫውተናል። ታሪኩን ገና ያልጨረሰ አንባቢ ቢኖር፣ ከዚህ በታች ምስጢሩን ስለምንገልጥበት አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ፊተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2008 ወጣ። የሠራው ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው ኩባንያ በካሊፎርንያ፣ በሬድውድ ሾርስ የነበረው ክፍል ሲሆን፣ ይኸው ክፍል በኋላ ቪሰራል ጌምስ ተብሎ ተሰየመ፤ ሁለተኛውንም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2011 አወጣ። የታሪኩ ባለቤት አይዛክ ክላርክ ይባላል። ስሙ የተገጠመው ከሁለት ታላላቅ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲዎች፣ ከአይዛክ አሲሞቭና ከአርተር ክላርክ ነው። ሰውየው ወታደር አይደለም፤ የመርከብ ጠጋኝ መሐንዲስ ነው። ኢሺሙራ የተባለች፣ ፈለክን ሰንጥቃ ማዕድን የምታወጣ ታላቅ የጠፈር መርከብ ድምፅዋ ይጠፋል፤ አይዛክም ከጥቂት ሰዎች ጋራ ለጥገና ይላካል። የሚወዳት ኒኮል በዚያች መርከብ ላይ በሕክምና ሥራ ላይ ነበረች። እነ አይዛክ ሲደርሱ ግን ሠራተኛው አልቋል፤ ሬሳውም ቅርጹን ለውጦ ይነሣል። እነዚህን ፍጥረቶች ጨዋታው ኔክሮሞርፍ ይላቸዋል።

በሌላ የተኩስ ጨዋታ ራስን የመታ አሸነፈ። እዚህ ግን ራስ ቢቆረጥም ፍጥረቱ መምጣቱን አይተውም፤ እጅና እግሩ መቆረጥ አለበት። ይህንንም ሕግ ተጫዋቹ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ በደም ተጽፎ ነው። የመጀመሪያው መሣሪያ ፕላዝማ ከተር የሚባል የማዕድን ሠራተኛ መቁረጫ ሲሆን፣ የብርሃኑ መስመር አንድ ጊዜ ወደ ጎን አንድ ጊዜ ወደ ላይ ይዞራል። ስለዚህ ተጫዋቹ፣ ፍጥረቱ እየሮጠ ሲመጣበት፣ «እጁን ልቁረጥ ወይስ እግሩን? መስመሩን ላዙር ወይስ እንዳለ ልተኩስ?» እያለ ማሰብ አለበት። የአይዛክ ጤንነት በማያው ጥግ በቁጥር አይጻፍም፤ በልብሱ ላይ አከርካሪውን ተከትሎ በሚበራ መብራት ይታወቃል። የጥይቱም ቁጥር ከመሣሪያው ላይ በብርሃን ይታያል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ የያዘውን ዕቃ ለማየት ቦርሳውን ሲከፍት ጊዜው አይቆምም። ጠላት ከኋላ ሲመጣ መድኃኒት መፈለግ ምን ማለት እንደ ሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

ጨዋታውን ካጠናን በኋላ የደረስንበት ዋናው ሐሳብ ግን ይህ ነው። የፊተኛው ክፍል ፍርሀት ከአውሬዎቹ ይልቅ ከሥራው ይመነጫል። አይዛክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተላላኪ ነው፤ «ሞተሩን አስነሣ፤ አየሩን አጽዳ፤ መገናኛውን ጠግን» እየተባለ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይላካል። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል። እኛ ግን የጨዋታው ነፍስ ይህ ነው እንላለን። እጁ በሥራ የተያዘ ሰው ዐይኑ ከበሩ ላይ ይነሣል። በሌሊት ብቻውን ከወንዝ ውሃ የሚቀዳን ሰው አንባቢ ያስብ፤ የጅብ ድምፅ ሲሰማ ከሚሮጠው ሰው ይልቅ፣ እንስራው እስኪሞላ ድረስ ጎንበስ ብሎ መጠበቅ ያለበት ሰው ይበልጥ ይፈራል። ኢሺሙራም ላይ እንዲሁ ነው። አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ድምፅ ሁሉ ታፍኖ የአይዛክ እስትንፋስ ብቻ ይሰማል፤ የቀረውም አየር በሰከንድ ይቈጠራል፤ ሥራው ግን ገና አላለቀም። የጄሰን ግሬቭስ ሙዚቃም ዜማ ከማሰማት ይልቅ ክራሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደሚበጠሱ ያለ ድምፅ እያሰማ ነርቭን ይፈትጋል።

ይህን ስንል ፊተኛው እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። በአራተኛው ምዕራፍ ተጫዋቹ መድፍ ላይ ተቀምጦ ወደ መርከቢቱ የሚወረወሩትን ድንጋዮች እንዲመታ የሚገደድበት ቦታ አለ፤ አስቸጋሪ እንጂ አስፈሪ አይደለም፤ ከሦስታችን አንዱ እዚያ ላይ ጨዋታውን ለአንድ ሳምንት ትቶት ነበር። ከዚህም የሚከብደው ጉድለት የአይዛክ ዝምታ ነው። ሰዎች ያዙታል፣ ይዋሹታል፣ ዐይኑ እያየ ይሞታሉ፤ እርሱ ግን አንድ ቃል አይተነፍስም። በመጨረሻ ኒኮል ቀድሞውኑ ራስዋን እንዳጠፋች፣ ሲያያትም የነበረው ቅዠት እንደ ሆነ ሲገለጥለት እንኳ ሐዘኑን የምናውቀው ከመጎንበሱ ብቻ ነው። (የአሥራ ሁለቱ ምዕራፎች አርእስት የመጀመሪያ ፊደላት በእንግሊዝኛ ሲገጣጠሙ «ኒኮል ሞታለች» የሚል ቃል ይሰጣሉ። የሰምና ወርቅ ሀገር ልጆች ስለ ሆንን ይህ ነገር እጅግ ደስ አሰኝቶናል፤ ምስጢሩ ከፊታችን ተጽፎ ሳለ አንዳችንም አላነበብነውም።)

ሁለተኛው ክፍል ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሳተርን ጨረቃ በቲታን ላይ በተሠራችው ስፕሮውል በምትባል ከተማ ይጀመራል። አይዛክ የሚነቃው በሆስፒታል፣ እጁ በእብድ ልብስ ታስሮ ነው። ሊያስፈታው የመጣው ሰው ዐይኑ እያየ ወደ አውሬነት ይለወጣል፤ እርሱም እጁ እንደ ታሰረ ይሮጣል። ይህ አጀማመር ከፊተኛው ይበልጣል ብንል የሚከራከረን ያለ አይመስለንም። አሠራሩም በብዙ ተሻሽሏል። በፊተኛው ክብደት በሌለበት ቦታ ተጫዋቹ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ መዝለል ብቻ ይችል ነበር፤ በሁለተኛው ግን በጫማውና በጀርባው ባለው ግፊት እንደ ልቡ ይበራል። የተቆረጠውን የጠላት ስለታም ክንድ አንሥቶ በባለቤቱ ላይ መወርወር ይቻላል። መስኮት ቢሰበር አየሩ ጠላትን ይጠርጋል፤ መዝጊያው በጊዜ ካልተመታ አይዛክንም ይጠርገዋል። ከዐዲሶቹ ፍጥረቶች ውስጥ እኛ ያደነቅነው ከዕቃ ጀርባ ተሸሽጎ አንገቱን ብቅ እያደረገ የሚያደባውን ነው፤ እርሱ ባለበት ክፍል ውስጥ አዳኙና ታዳኙ አይለዩም።

ከሁሉ በላይ አይዛክ አሁን ይናገራል። ጋነር ራይት የተባለው ተዋናይ ድምፁን ሰጥቶታል። ኒኮልም ዐይንዋ እያበራ በሕሊናው ትመጣበታለች፤ እርሱም ይቆጣል፣ ይማጠናል፣ ይሸሻል። በፊተኛው ኒኮል የምትፈለግ ሰው ነበረች፤ በሁለተኛው ሊጋፈጡት የሚገባ ጸጸት ናት። በዚህ በኩል ተከታዩ ፊተኛውን ወደ ኋላ ተመልሶ ያተረጉመዋል ማለት እንችላለን፤ ይህም ለአንድ ተከታይ ሥራ ትልቅ ዋጋ ነው።

ታዲያ ለምን ያነሰ ፈራን? ሁለት ምክንያት አግኝተናል። አንደኛው ከሠሪዎቹ አቅም በላይ ነው። እጅና እግር መቆረጥ እንዳለበት አንድ ጊዜ የተማረ ተጫዋች ሁለተኛ ሊማረው አይችልም። አያቶቻችን ያንኑ የጅብ ተረት ደግመው ሲነግሩን ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉ እንደ ነበር ሁሉ፣ ሁለተኛውም ክፍል በጩኸት ሊያካክሰው ይሞክራል፤ ባቡር ይገለበጣል፣ ሕንጻ ይፈነዳል፣ በሕፃናት ትምህርት ቤት ውስጥ ሕፃናት አውሬ ሆነው በመንጋ ይመጣሉ። ይህ ያስደነግጣል። ድንጋጤና ፍርሀት ግን አንድ አይደሉም፤ ድንጋጤ ነገሩ ከደረሰ በኋላ ነው፣ ፍርሀት ከመድረሱ በፊት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከሥራው ጋራ የተያያዘ ነው። በፊተኛው አይዛክ እግረ መንገዱን የሚዋጋ ሠራተኛ ነበር፤ በሁለተኛው እግረ መንገዱን የሚጠግን ተዋጊ ሆኗል።

የሚገርመው፣ የሁለተኛው ሠሪዎች ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። በዐሥረኛው ምዕራፍ አይዛክን ወደ ኢሺሙራ ይመልሱታል። መርከቢቱ ታጥባለች፤ ግድግዳው በላስቲክ ተሸፍኗል፤ ደሙ ተጠርጓል። ለረዥም ጊዜ ምንም አይመጣም። ተጫዋቹ ግን በየጥጉ ቀድሞ የሆነበትን ያስታውሳል፤ መሣሪያውን ወደ ባዶ በር አነጣጥሮ ይቆማል። ከእኛም አንዱ በዚያ ምዕራፍ በሌለ ጠላት ላይ ጥይቱን ጨርሶ ሣቅንበት። በአሥራ አራተኛውም ምዕራፍ አይዛክ በአንድ ማሽን ሥር ተኝቶ፣ ተጫዋቹ መርፌውን በገዛ ዐይኑ ብሌን ላይ ቀስ አድርጎ እንዲያወርድ ይደረጋል። ጠላት የለም፤ ጩኸት የለም፤ የሚንቀጠቀጥ እጅና መጠናቀቅ ያለበት ሥራ ብቻ አለ። ከሁለተኛው ክፍል እስካሁን በሌሊት ትዝ የሚለን እነዚህ ሁለት ቦታዎች ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ የፊተኛው ክፍል ጠባይ ያላቸው ናቸው።

በዚህ ፍርድ ሦስታችንም አንድ አልሆንም። አንዱ ጓደኛችን አስቀድሞ የተጫወተው ሁለተኛውን ነበር፤ ወደ ፊተኛው ሲመለስ አይዛክን ጭቃ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው ከባድ ሆኖ አገኘው፤ ዝምታውንም ድንቁርና ብሎታል። «እናንተን ያስፈራችሁ መርከቢቱ ሳትሆን ለጨዋታው እንግዳ መሆናችሁ ነው» ይለናል። በከፊል እውነት አለው፤ የተጫወቱበት ቅደም ተከተል ፍርድን እንደሚያዛባ እርሱ ራሱ ምስክር ነው። ሆኖም ኢሺሙራን ሁለተኛ ጊዜ፣ ሕጉን ሁሉ እያወቅን ስንጫወት ፍርሀቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ስፕሮውልን ሁለተኛ ጊዜ ስንጫወት ግን የቀረልን ደስታው ብቻ ነበር።

ሦስተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ፤ ለሁለት ተጫዋች የሚሆን መንገድ ጨመረ፤ ለመሣሪያዎቹም ሁሉ አንድ ዓይነት ጥይት አደረገ፤ ስለ ፍርሀቱ ብዙ የምንለው የለንም። ቪሰራል ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘጋ። ለጥያቄያችን የሚጠቅመው ግን ሞቲቭ የተባለው ሌላ የኩባንያው ክፍል እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ፊተኛውን እንደ ዐዲስ ሠርቶ ማውጣቱ ነው። ይህ ክፍል ከሁለተኛው የወሰደውንና የተወውን ብንመለከት እንደ ፍርድ ሊነበብ ይችላል። በረራውን ወሰደ፤ የአይዛክንም አንደበት ወሰደ፤ ጋነር ራይትም ተመልሶ ተናገረ። የመድፉን ቦታ ለወጠው። ባቡሩንና ሩጫውን ግን ተወ። ጥገናውንና ተላላኪነቱን እንደ ነበረ አስቀርቶ፣ መርከቢቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ የሚኬድባት አንዲት ቤት አደረጋት፤ የታለፈውም ክፍል ቢመለሱበት እንደ ተተወ አይቆይም፣ መብራቱም ድምፁም ጠላቱም ይለዋወጣል። ያ ጓደኛችንም ይህን ዐዲሱን ከተጫወተ በኋላ ስለ ዝምታው ያለውን አላነሣም፤ ስለ መርከቢቱ ያለውን ግን በከፊል አንሥቷል።