የቍስል ቍጣና የሰውነት ዘበኞች

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በቋንቋችን አንድ ቍስል ቀልቶ፥ አብጦና ግሎ ሲጠዘጥዝ «ቍስሉ ተቈጣ» እንላለን። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው አነጋገር በውስጡ አንድ ጥያቄ ይዟል። የተቈጣው ማን ነው? የተቈጣውስ በማን ላይ ነው? ቍጣው የበሽታው ነውን ወይስ የራሳችን ሰውነት? ዛሬ ሊቃውንት ይህን ጥያቄ እንዴት እንደመረመሩትና የደረሱበት መልስ ለእያንዳንዳችን ቤት ምን እንደሚጠቅም ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። በንግግራችን የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት በሮማ የነበረው ጸሐፊ ኬልሱስ የቍጣን ምልክቶች አራት አድርጎ ቈጥሯቸዋል፤ እነርሱም መቅላት፥ ማበጥ፥ መጋልና ማመም ናቸው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሐኪሞች ምልክቶቹን ጠንቅቀው ቢያውቁም፥ ብዙዎቹ ቍጣውን ከበሽታው ለይተው አያዩትም ነበር።

ይህን አሳብ ከለወጡት ሰዎች ዋናው ሐኪም ሳይሆን የእንስሳትን ተፈጥሮ የሚመረምር ሊቅ ነው። ኢልያ ሜችኒኮፍ በ1845 ዓ.ም. ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር፥ በካርኮፍ ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ የነበረውን የአስተማሪነት ሥራ ከለቀቀ በኋላ በ1882 ዓ.ም. ከቤተ ሰቡ ጋር በሲሲሊያ ደሴት፥ በመሲና ከተማ ተቀመጠ። አንድ ቀን ቤተ ሰቡ የሠለጠኑ ጦጣዎች የሚያሳዩትን ትርኢት ለማየት ወደ ሰርከስ ሲሄድ፥ እርሱ ከአጉሊ መነጽሩ ጋር ብቻውን ቀረ። ይመለከት የነበረውም የባሕር ኮከብ የሚባለውን እንስሳ ዕጭ ነበር። ይህ ዕጭ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፍ ስለ ሆነ፥ በውስጡ ወዲያና ወዲህ የሚሄዱት ሕዋሳት በግልጥ ይታያሉ። በዚያን ጊዜ ሜችኒኮፍ እነዚህ ሕዋሳት እንስሳውን ከጠላት የሚጠብቁ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል አሳብ በድንገት መጣለት።

አሳቡን ለመፈተን ብዙ መሣሪያ አላስፈለገውም። ወደ አትክልቱ ቦታ ወጥቶ ጥቂት የጽጌረዳ እሾህ ቀጠፈና በዕጮቹ ቆዳ ሥር ሰካ። ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስደው አደረ። ሲነጋ ቢመለከት፥ ተንቀሳቃሾቹ ሕዋሳት እሾሁን ዙሪያውን ከበውት አገኘ። የነገሩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ዕጩ እንደ እኛ ያለ የደም ሥር ስለሌለው መቅላትም ሆነ መጋል አይችልም፤ ሕዋሳቱ ግን ወደ ቈሰለው ቦታ ተሰብስበዋል። እንግዲያውስ የቍጣ ሥሩ መቅላቱና መጋሉ ሳይሆን የዘበኞቹ መሰብሰብ ነው ማለት ነው።

ሜችኒኮፍ ምርመራውን በዚህ አላቆመም። በ1884 ዓ.ም. በኩሬ ውኃ ውስጥ በምትኖር አንዲት ደቃቃ ፍጥረት ላይ ያደረገውን ጥናት አወጣ። ወደ ሰውነቷ የገባውን የሻጋታ ዘር ሕዋሳቷ ውጠው ካጠፉት ትድናለች፤ ዘሩ ካየለባቸው ትሞታለች። እነዚህን በላተኛ ሕዋሳት «ፋጎሳይት» የሚል የግሪክ ስም ተሰጣቸው።

ይህ ትምህርት ብርቱ ተቃውሞ አጋጠመው። በተለይ በጀርመን አገር የነበሩ ሊቃውንት ሰውነትን የሚጠብቀው ሕዋስ ሳይሆን በደም ውኃ ውስጥ ያለው መከላከያ ነው ብለው ተከራከሩ። ሜችኒኮፍ በ1888 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ሄዶ በፓስተር ኢንስቲቱት እየሠራ ክርክሩን ቀጠለ። በመጨረሻም በ1908 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ለእርሱና በደም ውስጥ ያለውን መከላከያ ላጠናው ለጀርመናዊው ለፓውል ኤርሊሕ በአንድነት ተሰጠ። ዛሬ እንደምናውቀው ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ ሕዋሱና የደሙ መከላከያ አንድ ሥራ የሚሠሩ ጓደኛሞች ናቸውና።

አሁን ወደ ራሳችን ጣት እንመለስ። እሾህ ወግቶን ረቂቅ ተሐዋስያን ሲገቡ በዚያ ሥፍራ ያሉት ሕዋሳት፥ የሌሊት ዘበኛ ሌባ ሲያይ ፊሽካ እንደሚነፋ ሁሉ፥ ልዩ ልዩ መልእክተኛ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ። በዚህ ጊዜ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ብዙ ደም ስለሚመጣም ቦታው ይቀላል፥ ይግላል። የሥሮቹ ግድግዳ ስለሚላላ ፈሳሽ ወደ ውጭ ወጥቶ ሥጋውን ያሳብጠዋል። እብጠቱ ነርቭን ሲጫን፥ መልእክተኞቹም ሲነኩት ሕመም ይሰማናል። ነጭ የደም ሕዋሳትም በግድግዳው ሾልከው ወጥተው ተሐዋስያኑን ይውጣሉ። መግል ብለን የምንጸየፈው ነገር ከሚበዛው በኩል በዚህ ውጊያ የወደቁት ዘበኞች ሬሳ ነው።

ዘበኞቹ ወዳጅን ከጠላት የሚለዩት እንዴት ነው? ይህ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ1996 ዓ.ም. የዡል ሆፍማን ጓዶች በፈረንሳይ አገር «ቶል» የተባለው ተቀባይ የጐደላት ትንሽ ዝንብ ሻጋታን መከላከል አቅቷት እንደምትሞት አሳዩ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ የብሩስ ቦይትለር ጓዶች በአይጥ ውስጥ ተመሳሳይ ተቀባይ የባክቴሪያን ገለፈት ለይቶ እንደሚያውቅ ገለጡ። ሁለቱም በ2011 ዓ.ም. ከሌላ ሊቅ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ።

ነገር ግን ዘበኛ ልክ ካለፈ የሚጠብቀውን ቤት ያፈርሳል። ፊሽካው በአንድ ጣት መሆኑ ቀርቶ በመላው ሰውነት በአንድ ጊዜ ከተነፋ፥ የደም ሥሮች ሁሉ ይላላሉ፥ የደም ግፊት ይወድቃል፥ ልብና ኵላሊትም ይጐዳሉ። ብዙ ሕመምተኞችን የሚገድላቸው ተሐዋሲው ብቻ ሳይሆን የራሳቸው ሰውነት ቍጣም ነው።

ለዚህም ከአገራችን የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። በቅማል የሚተላለፈውን ትኩሳት ግርሻን ሁላችን እናውቀዋለን። ሕመምተኛው ፔኒሲሊን ሲወጋ በደሙ ውስጥ የነበሩት ተሐዋስያን በብዛት ይፈርሳሉ፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥም ብርቱ ብርድ ብርድ ይለዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ትኩሳቱ ይጨምራል፥ ኋላም የደም ግፊቱ ይወርዳል። አጠገቡ የተቀመጠ ዘመድ ይህን ሲያይ «መርፌው ገደለው» ቢል አይፈረድበትም። እውነቱ ግን መድኃኒቱ ሥራውን መሥራቱና የሰውነት ዘበኞች በጠላት ፍርስራሽ ላይ መቈጣታቸው ነው።

በ1996 ዓ.ም. ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና የሥራ ጓደኞቻቸው በኢትዮጵያ ሕመምተኞች ላይ ያደረጉት ጥናት በታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ታተመ። «ቲ.ኤን.ኤፍ.» የተባለውን የቍጣ መልእክተኛ የሚያግድ፥ ከበግ የተገኘ መከላከያ ፔኒሲሊን ከመሰጠቱ በፊት ለ20 ሕመምተኞች ተሰጠ፤ ሌሎች 29 ሳይሰጣቸው ተነጻጸሩ። ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች 26ቱን ያ ብርቱ መንቀጥቀጥ ሲይዛቸው፥ ከተሰጣቸው 20 ሰዎች የያዘው 10ሩን ብቻ ነው። ይህ መከላከያ የትኩሳት ግርሻ የዘወትር ሕክምና አልሆነም፤ ዳሩ ግን የቍጣው ፊሽካ ከማን እጅ እንዳለ በሰው ላይ አስረድቷል። ያንኑ መልእክተኛ የሚያግዱ ሌሎች መድኃኒቶች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለመገጣጠሚያ ቍጣ ሕመም ሲያገለግሉ ቈይተዋል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? አንደኛ፥ ትንሽ ቍስል ቢቈጣ ሰውነት ሥራውን እየሠራ መሆኑን ዐውቀን፥ በንጽሕና እያጠብን እንጠብቀው እንጂ በመርፌ እየወጋን አናባብሰው። ሁለተኛ፥ ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፥ ቀይ መሥመር ወደ ላይ ከወጣ፥ ወይም ሕመምተኛው ትኩሳት ይዞት መቀባዠር ከጀመረ፥ ቍጣው ከዘበኝነት ማለፉ ነውና ሳንውል ሳናድር ወደ ሐኪም እንውሰደው። ሦስተኛ፥ ቍጣን የሚያበርዱትን የኮርቲዞን ዓይነት መድኃኒቶች ጐረቤት ስለ ተሻለው ብቻ ገዝተን አንውሰድ፤ እብጠቱ ሲጠፋ ዘበኛውም አብሮ ተኝቶ ተሐዋሲው በጸጥታ ሊስፋፋ ይችላልና። አራተኛ፥ ለትኩሳት ግርሻ የተወጋ ዘመዳችን ሲንቀጠቀጥ ብናይ ከሐኪም ቤት ይዘነው አንውጣ፤ ከሁሉ ይልቅ የሐኪምና የአስታማሚ ዐይን የሚያስፈልገው በዚያች ሰዓት ነው።

አባቶቻችን «ቍስሉ ተቈጣ» ሲሉ እውነት ተናግረዋል። የተቈጣው የራሳችን ሰውነት ነው፤ የተቈጣውም ስለ እኛ ነው። የእኛ ድርሻ ቍጣውን መፍራት ሳይሆን ልኩን ማወቅ ነው።