ጫማ ለሚጨርስ ተጫዋች

የሜዳ ቴኒስ ሊማር የሚመጣ ሰው ራኬቱን ሊያሳየኝ ይቸኩላል። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው አሮጌ ጫማውን ነው። ገልብጬ ሶሉን ሳየው አጨዋወቱን ሜዳ ሳይገባ አውቀዋለሁ። በቀኝ እጁ የሚመታ ሆኖ የቀኝ ጫማው ጫፍ ከተበላ፣ ሰርቭ ሲመታ የኋላ እግሩን ይጎትታል ማለት ነው። በአውራ ጣቱ በኩል ያለው ጠርዝ ከተላጠ ደግሞ ዳር የወጣች ኳስ አታመልጠውም፤ ግን እግሩን ሲሚንቶው ላይ እየፋቀ ነው የሚቆመው። ሶሉ እኩል ያለቀለት ሰው ረጋ ያለ ተጫዋች ነው፤ ያገኘውን ቢጫማ ብዙም አይጎዳም። የሚያሳስቡኝ የፊተኞቹ ናቸው። እኔም ከነሱ ወገን ነኝ።

የምጫወትባት መቀሌ የብስክሌት ከተማ ናት። በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ፣ ጽጋቡ ግርማይ፣ የተወለደው እዚሁ ነው። ሩጫውም ቢሆን የሚያኮራ ነው፤ የትግራይዋ ለተሰንበት ግደይ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ቫሌንሲያ ላይ 5,000 ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ6.62 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች። ቴኒስ በነዚህ ጥላ ሥር የሚኖር ስፖርት ስለሆነ፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ገብቼ የቴኒስ ጫማ ስጠይቅ ሻጩ ከመደርደሪያው የሚያወርድልኝ የሩጫ ጫማ ነው። «እንካ ሓወይ፣ ያዘው እስቲ፣ በእጅህ ያለ እንኳ አይመስልህም!» ይለኛል። እኔ የምፈልገው ደግሞ በእጄ መኖሩ የሚታወቀኝን ነው።

የሩጫ ጫማ ወደ ፊት ብቻ ለሚሄድ እግር የተሠራ ነው። ተረከዙ ከፍ ይላል፣ ስፖንጁም ለስላሳ ነው። ቴኒስ ግን ከመሮጡ ይልቅ መቆሙ ነው የሚከብደው። ወደ ጎን ተወርውሮ ድንገት የሚቆም ሰው ክብደቱን ሁሉ በጫማው አንድ ወገን ላይ ይጥላል። ያ ለስላሳ ስፖንጅ በዚያ ወገን ይሰምጣል፣ እግር ከላዩ ይሸሻል፣ ቁርጭምጭሚት ወለም ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው የወጌሻ ጉዳይ ነው።

ከፍታችንም የራሱን ይጨምርበታል። መቀሌ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ኳሷን የሚያዘገያት ነገር ይቀንሳል። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ በሕጉ ያስቀመጠው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ በተገኘው ኳስ ነው የምንጫወተው። ኳሷ ትፈጥናለች፣ ተጫዋቹ ይዘገያል፣ የዘገየ ደግሞ በኃይል ይቆማል። የፍሬኑን ዋጋ የሚከፍለው ጫማው ነው።

ሱቅ ስገባ መጀመሪያ የምነካው የጫማውን ኋላ ነው። የተረከዙን መያዣ በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ፤ ከተጣጠፈልኝ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ቀጥሎ ጫፉንና ተረከዙን ይዤ እንደ ታጠበ ልብስ ልጠመዝዘው እሞክራለሁ። እምቢ ማለት አለበት። ሳጎብጠው መታጠፍ ያለበት ጣቶች ካሉበት ላይ እንጂ ከወገቡ አይደለም። ከዚያ ሶሉን አያለሁ። ለሲሚንቶ ሜዳ የሚሆነው ጎማው ወፍራምና ጠጣር፣ ጥርሱም እርስ በርሱ የተቀራረበ ነው። ሙሉ በሙሉ ጥልቅ ዚግዛግ ያለው ለቀይ አፈር ሜዳ ነው፤ ትንንሽ እብጠቶች ያሉበት ደግሞ ለሣር ሜዳ የተሠራ ስለሆነ ሲሚንቶ ላይ ወዲያው ይላጫል። ጎማው ከሶሉ አልፎ የጫማውን አፍንጫና የአውራ ጣቱን ጎን ሽቅብ ከሸፈነ ደስ ይለኛል፤ እንደኛ ያለ ተጫዋች ጫማውን የሚቀደው እዚያ ጋ ነው።

ጫማ የምለካው ከሰዓት በኋላ፣ እግር ትንሽ ሲያብጥ፣ በምጫወትበት ካልሲ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይተርፈኝ፤ ተረከዜ ግን ፈጽሞ አይነቃነቅ። ከዚያ እዚያው ሱቅ ውስጥ ወደ ጎን ዘልዬ ድንገት እቆማለሁ። ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ረጅም አንገት ያለው ጫማ ካልሆነ የሚሉ አሉ፤ እኔ ሰፊ መሠረትና ተረከዝ አጥብቆ የሚይዝ ጫማ ይበልጥብኛል። ወለምታ የሚመላለስበት ሰው የቁርጭምጭሚት ማሰሪያ ያድርግ፤ አንዲ መሪ ራሱ ማሰሪያ አድርጎ ነው የተጫወተው። ማሰሪያውን አድርጎ ይለካ እንጂ፣ አለዚያ ጫማው ይጠበዋል።

ጠንካራ የወንድ ጫማ አንዱ ብቻ ወደ 400 ግራም ይመዝናል። ይከብዳል፣ አዎ። ቀላሉ ጫማ ቶሎ ስለሚያልቅ በዓመት ሁለቴ መግዛት ግን ለኪስ ከዚያ የባሰ ሸክም ነው። አዲዳስና አሲክስ ባሪኬድና ጄል ሪዞሉሽን በተባሉት ሞዴሎቻቸው ሶል ላይ በአንዳንድ አገሮች የ6 ወር ዋስትና ሰጥተዋል። መቀሌ ላይ ሆኖ ዋስትናውን የሚጠየቅ የለም፤ ቢሆንም አምራቹ በየትኛው ጎማው እንደሚተማመን ያሳያል።

ሰልባጅ ተራ ጥሩ ጫማ ይገኛል፤ ግን ሶሉ አዲስ መሆኑ አያታልል። ስፖንጁ ፖሊዩረቴን ከሆነ ዓመታት ተቀምጦ የከረመው በሁለተኛው ጨዋታ ሊፈረካከስ ይችላል፤ ኢቪኤ የሚባለው ቀለል ያለው ስፖንጅም ሶሉ ሳያልቅ በፊት ይተኛል። በጣት ተጭኖ የማይመለስ ከሆነ ይቅር። ሲገዛ ደህና የነበረውን ጫማ ደግሞ ጫማ ሰፊ ዕድሜውን ይቀጥልለታል፦ ዙሪያውን በወስፌ ይሰፋዋል፣ በተበላው አፍንጫ ላይ የብስክሌት ካላማዳሪያ ቁራጭ በማስቲሽ ይለጥፍለታል። የብስክሌት ከተማ መሆናችን እዚህ ላይ ጠቀመን።

የተኛ ስፖንጅ ግን ጫማ ሰፊ አያነሳውም። በኛ አገር ታላቅ የጨረሰውን ጫማ ታናሽ ይወርሳል፤ ትምህርት ቤት ሄዶ ለመመለስ ምንም አይል። ልጁ ያንኑ አድርጎ ቴኒስ ሜዳ ሲመጣ ነው እኔ የምመልሰው።